ቀስቱ ሲዋዥቅ፦ ሞተሯ በተቀየረ አሮጌ ላንድክሩዘር የጌጅ ብልሽት እንዴት ይገኛል?

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ይዘን ነበር። ላንድክሩዘሯ ጭነት አለባት፤ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው። የሙቀት ጌጁ ቀስት ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ ቆየና ዳገቱ መሀል ላይ ሳይታሰብ ወርዶ ቀዝቃዛው ላይ አረፈ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ተመስገን፣ በረደች» አለ። እኔም እፎይ ብዬ ቀጠልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጉልበት አጣችና ቆመች። ኮፈኑን ስንከፍት የታችኛው የራዲያተር ጎማ ተቀዷል፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ የለም። የሙቀት ቡልቦው ውሃ ውስጥ መነከሩ ቀርቶ ባዶ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ ሞተሩ እየነደደ እሱ ቀዝቃዛ ነው ይል ነበር። ቴስታታው ተጣመመ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን የጎማው መቀደድ አይደለም። ያ ቀስት መኪናዋ ሞተሯ ተቀይሮ ከጋራዥ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ሲዋዥቅ ነበር የከረመው። የፊት መብራት ሲበራ ከፍ ይላል፣ ጡሩምባ ሲነካ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። «እሷ ድሮም እንዲህ ናት» እያልን ለመድነው። ስለለመድነውም ወደ ቀዩ ተጠግቶ እውነቱን የተናገረ ዕለት አላመንነውም። ይህን መመሪያ የምጽፈው እርስዎም ያቺን ቃል እንዳይሏት ነው።

እጄ ላይ ያለችውን መኪና ምሳሌ አድርጌ ልነሳ። በፋብሪካ የቤንዚን ሞተር የነበራት ባለ 70 ላንድክሩዘር ናት፤ አሁን 1ኤችዜድ የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ተቀምጦላታል። ይህ ሞተር ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ 4,164 ሲሲ የሆነና በአገራችን መንገድ ጥንካሬው የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ካስወደደ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ሞተር ለውጦ መንዳት ለብዙ ሰው ብቸኛው መንገድ ሆኗል። የእርስዎ ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ ከሆነችም፣ አይሱዙ ጭነት መኪና ሆና ተወልዳ በኋላ ቅጥቅጥ አውቶብስ የሆነችም ብትሆን፣ የምናየው ነገር ያው ነው። አይሱዙዋ 24 ቮልት መሆኗን ብቻ ልብ ይበሉ።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን መንገድ በአእምሮዎ ይያዙ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ መሄድ ነው። ኃይል ከባትሪው ተነስቶ በቁልፉና በፊውዙ አልፎ ክሩስኮቱ ላይ ካለው ጌጅ ይገባል። ከጌጁ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ሞተሩ ይወርድና ቡልቦው ጋ ይደርሳል። ቡልቦ የምንለው ሞተሩ ላይ በጥርስ የሚታሰረውን፣ አንዳንዱ ሴንሰር የሚለውን ትንሽ ዕቃ ነው። የሙቀት ቡልቦ ሲበርድ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ይላል፤ ሲሞቅ ያሳልፋል። ያሳለፈው ኃይል በቡልቦው ጥርስ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት፣ ከሞተሩ ብረት ደግሞ በማሳ ገመድ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ሞተር ሲቀየር የዚህ መንገድ ግማሹ አሮጌው መኪና ላይ ይቀራል፤ ግማሹ ከአዲሱ ሞተር ጋር ይመጣል። ብልሽቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሁለቱ በተገጣጠሙበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ይጻፉ

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ደብተርና እስክርቢቶ ይያዙ። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን መኪናዋን እየነዱ ቀስቱ የሚያደርገውን ከነሁኔታው ይመዝግቡ። የሚዋዥቀው አንድ ጌጅ ብቻ ነው ወይስ ሁለት ሦስቱ አብረው? መብራት ሲበራ ነው ወይስ ኮረኮንች ላይ? ነዳጅ ሲረገጥ ነው ወይስ ሚኒሞ ላይ? ሲሞቅ ነው ወይስ ጠዋት?

ይህ ማስታወሻ ብዙ ገንዘብ ያድናል። አንዱ ጌጅ ብቻ ከሆነ የሚረበሸው ጥፋቱ በዚያ ጌጅ፣ በሽቦው ወይም በቡልቦው ላይ ነው። የሙቀትና የነዳጅ ጌጁ አብረው ከፍና ዝቅ የሚሉ ከሆነ ግን ሁለት ቡልቦ በአንድ ቀን አይበላሽም፤ ሁለቱ የሚጋሩትን ፊውዝ፣ ማሳ ወይም ክሩስኮቱ ውስጥ ያለውን ቮልት መጣኝ ይጠርጥሩ። ኮረኮንች ላይ ብቻ ከተንቀጠቀጠ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። መብራት ሲበራ ከፍ ካለ ደግሞ ዘጠኙን ነገር ትተው በቀጥታ ማሳውን ወደ ማየት ይሂዱ።

አንድ ቁም ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጌጆች ውስጣቸው ሲሞቅ የሚታጠፍ ቀጭን ብረት ያለባቸው ናቸው። ቁልፍ ሲዞር ቀስታቸው ተንቀርፍፎ ነው የሚነሳው። እንዲህ ያለ ጌጅ በተፈጥሮው ዘገምተኛ ስለሆነ በቅጽበት መዝለል አይችልም። ቀስትዎ ድንገት ወዲያ ወዲህ የሚወረወር ከሆነ ሌላ ዓይነት፣ በማግኔት ጥቅል የሚሠራ ጌጅ ነው ያለዎት፤ ምናልባትም ክሩስኮቱ ራሱ ከሌላ መኪና የመጣ ነው።

እውነቱን በሌላ መለኪያ ያረጋግጡ

ጌጁ ዋሸ ከማለትዎ በፊት እየዋሸ መሆኑን ይወቁ። ዘይትና ውሃ መሙላቱን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይዩ። ከዚያ በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ይዋሱ ወይም ይግዙ። ሞተሩ እስኪሞቅ አሠርተው ቴርሞስታቱ ያለበትን ቤት ይለኩ። ደህና ሞተር ሲሞቅ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። መለኪያው 85 እያለ ቀስቱ ቀዩ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የጌጅ ነው። መለኪያውም ቀስቱም አብረው ከወጡ ግን ችግርዎ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ራዲያተር፣ ቴርሞስታት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቺንጋ ነው የሚታየው።

ለዘይት ግፊት ደግሞ በቱቦ ቀጥታ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝ ሜካኒካል ጌጅ ደህና ጋራዥ ሁሉ አለው። የዘይት ቡልቦውን ፈትተው በቦታው ያስገቡት። 1ኤችዜድ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.3፣ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ሊያሳይ ይገባል። ይህን ከሰጠ የሞተርዎ የዘይት ግፊት ጤነኛ ነው፤ ክሩስኮቱ የፈለገውን ይበል። እዚህ ላይ የጥርሱን ነገር ይጠንቀቁ። የጃፓን ሞተር የቡልቦ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ ጥርስ ያለው ስምንተኛ ኢንች ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው፤ የአሜሪካኑ ስምንተኛ ደግሞ 27። በዓይን አይለዩም፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በጉልበት ከገፉት ወይ ዘይት ያንጠባጥባል ወይ ቀዳዳውን ይሰነጥቃል።

የዘይት ጌጅ ዜሮ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ምርመራ የለም፤ መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉ። በኋላ የሽቦ ጉዳይ ሆኖ ቢገኝ የጠፋብዎት አሥር ደቂቃ ነው።

ባትሪና ዲናሞ

ይህ አጭር ነው። መልቲሜትሩን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ያድርጉ። ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናዋ አርፋ ከሆነ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። በ24 ቮልት መኪና እጥፉ ነው። ከ15 ቮልት በላይ የሚሰጥ ዲናሞ ጌጁንም አምፖሉንም ባትሪውንም ያበላሻል፤ ሌላውን ከመንካት በፊት እሱ ይሠራ። ከአንዳንድ አገር የመጡ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ስለነበሩ፣ ከተፈታታ መኪና የመጣ ሞተር ሲገዙ ዲናሞውና ሞተሪኖው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ማሳ

እዚህ ላይ እንቆያለን። ሞተራቸው የተቀየረ መኪኖች የጌጅ ችግር ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረውም፣ ደጋግሜ ያገኘሁትም ማሳ ነው።

ሞተሩ የተቀመጠው ጎማ ላይ ነው። በጎማው ምክንያት ከሻንሲው ጋር በኤሌክትሪክ አይገናኝም፤ የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ አንድ አይደለም። አንዱ ወፍራም ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት ይሄዳል፤ ሌላው ከሞተሩ ወደ ሻንሲው፤ ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ጠፍጣፋ ሽቦ፣ ከሞተሩ ኋላ ተነስቶ ከካቢናው ግድግዳ ጋር ይታሰራል። የቤንዚን ሞተሩ ሲወርድ ያ ሹሩባ ይፈታል። የናፍጣው ሞተር ሲገባ የሚታሰርበት ቀዳዳ በዚያው ቦታ አይገኝም። መካኒኩ «በኋላ እናስረዋለን» ይላል፤ ሞተሪኖው ስለሚያዞር፣ መብራቱም ስለሚበራ ማንም አያስታውሰውም። ስንት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ያንን ሹሩባ ከግድግዳው ተንጠልጥሎ አግኝቼዋለሁ፤ አንደኛው ጫፉ በአሮጌው ብሎን ታስሮ፣ ሌላኛው ጫፉ በዘይትና በአቧራ ጠቁሮ አየር ላይ።

ይህ ለምን ቀስቱን ያዋዥቃል? ዲናሞው ያለው ሞተሩ ላይ ነው። የፊት መብራት ሲያበሩ፣ የመብራቱ ኃይል በቦዲው በኩል ወደ ሞተሩ መመለስ አለበት። መንገዱ ከጠበበ ቦዲውና ሞተሩ እኩል መሆናቸው ይቀርና በመካከላቸው የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ጌጁ ያችን ልዩነት እንደ ሙቀት ይቆጥራታል። ስለዚህ ነው መብራት ሲበራ ሞተሩ የሞቀ የሚመስለው።

መፈተሻው ቀላል ነው። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉ። ጥቁሩን ዘንግ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳሱ ላይ ያሳርፉ፤ ማያዣው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ቀዩን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ይጫኑ። ሞተሩን ያስነሱ፣ የፊት መብራቱን፣ የንፋስ ማራገቢያውን፣ ያለውን ሁሉ ያብሩ። የሚያዩት ቁጥር፣ የመቀነስ ምልክት ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ማሳው ደካማ ነው። ከዚያ ቀዩን ዘንግ ወደ ካቢናው ግድግዳ፣ በመጨረሻም ወደ ክሩስኮቱ ማሳ ሽቦ እያዛወሩ ይድገሙት። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ።

መልቲሜትር ከሌለዎት ባትሪ ለማስነሻ የምንዋዋሰውን ካቦ ያምጡ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ይንከሱት፤ ከቺንጋና ከማራገቢያው ያርቁት። ቀስቱ ወዲያው ከተረጋጋ ጨርሰዋል፤ አዲስ የማሳ ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት። ካልተረጋጋ አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ወደ ካቢናው ግድግዳ አዛውረው ይሞክሩ።

አዲሱን ገመድ ሲያስሩ ቀለም ላይ እንዳያስሩት አደራ። ሞተር ሲቀየር ሻንሲውና የሞተሩ ክፍል አብሮ ስለሚቀባ፣ አዲስ ብሎን በአዲስ ቀለም ላይ ይታሰራል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ኤሌክትሪክ ግን አያልፍም። ቦታውን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፤ በሮንዴላ አጥብቀው ይሰሩት፤ ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ላዩን ግሪስ ይቀቡት።

የማሳ ነገር በቡልቦው ጥርስ ላይም አለ። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ቡልቦ ወደ ማሳ የሚመለሰው በጥርሱ ነው። ውሃ እንዳያፈስ ተብሎ ጥርሱ በቴፍሎን ደጋግሞ ከተጠቀለለ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው አንዱን ዘንግ ቡልቦው ባለ ስድስት ማዕዘን አካል ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ያድርጉ። ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ፈትተው ቴፍሎኑን ያጽዱ።

ሽቦውና ቡልቦው

ማሳው ደህና ከሆነ ወደ ቀጭኗ ሽቦ እንሂድ። ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሞተሩን አያስነሱ። ከሙቀት ቡልቦው ላይ ሽቦዋን ይንቀሉ። ቀስቱ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ መተኛት አለበት። ቀጥሎ የሽቦዋን ጫፍ በአንዲት ትንሽ አምፖል በኩል ወደ ማሳ ያገናኙ። ለ12 ቮልት መኪና የምትሆነው አምፖል 3.4 ዋት ናት፤ ቶዮታ ራሱ በጥገና መጽሐፎቹ የሚያዘው ይህችኑ ነው፤ የክሩስኮት ማብሪያ ሆና መለዋወጫ ሱቅ ትገኛለች። ቀስቱ አሁን ወደ ሞቃቱ ጫፍ መሄድ አለበት፤ ጫፉ ሲደርስ ያላቅቁት። አምፖሏን የሚያስገቡት ለምንድን ነው ቢሉ፣ ሽቦዋን በቀጥታ ማሳ ላይ መንካት ያንን ቀጭን ጌጅ ሊያቃጥለው ስለሚችል ነው። ብዙ ኤሌትሪሺያን በቀጥታ ሲነካ አይቻለሁ፤ አንዳንዴ ምንም አይሆንም፤ አንዳንዴ ደግሞ ለደህና ጌጅ የመጨረሻው ቀን ይሆናል።

ቀስቱ በሁለቱም ጫፍ በትክክል ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ቡልቦው ነው። ካልሄደ ደግሞ ወደ ክሩስኮቱ የሚወስደውን ሽቦ ይከተሉ። አንድ ሰው ክሩስኮቱ ፊት ተቀምጦ ቀስቱን ይይልዎት፤ እርስዎ ሽቦውን ከሞተሩ ጀምረው በየስንዝሩ ያወዛውዙት። «ተነቃነቀ!» ያለበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ናስትሮውን ሲፈቱ በእጅ ተጠምዝዞ የተቀጠለ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ መዳብ ያገኛሉ፤ ወይም የጭስ ማውጫውን ነክቶ ላስቲኩ የቀለጠ ሽቦ። ቆርጠው አዲስ ሽቦ ያስገቡ፤ በየዱት እንጂ አይጠምዝዙት።

ሌላም ይዩ። የናፍጣ ሞተር ቴርሞስታት አካባቢ ከአንድ በላይ ቡልቦ ሊኖር ይችላል። አንዱ የጌጁ ነው፤ ሌላው ለማሞቂያ ካንዴላው ወይም ለማስጠንቀቂያ መብራት የተሠራ ነው። የቤንዚኑ ሽቦ ሲደርስ የቀረበው ላይ ተሰክቶ ከሆነ ቀስቱ ወይ ጨርሶ አይነሳም ወይ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ጌጅና ቡልቦ ጥንድ ናቸው

ሁሉም ደህና ሆኖ ቀስቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ብሎ ወይም ከፍ ብሎ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጌጁና ቡልቦው አይተዋወቁም። ጌጁ የቤንዚኑ ሞተር ዘመን ነው፤ ቡልቦው ከናፍጣው ጋር መጥቷል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ግን አንዱ የሚልከውን ሌላው በራሱ ቁጥር ነው የሚተረጉመው። መፍትሔው የአሮጌውን ሞተር ቡልቦ ጥርሱ ከገጠመ ወደ አዲሱ ሞተር ማዛወር ነው። የአሮጌው ሞተር ሲሸጥ ቡልቦው አብሮ እንዳይሄድ የምለው ለዚህ ነው። ካልገጠመ ደግሞ ከነቡልቦው የሚሸጥ አዲስ ጌጅ ገዝቶ ክሩስኮቱ ሥር ማሰር ይሻላል።

መተዋወቃቸውን በቤትዎ ምድጃ መፈተን ይችላሉ። ቡልቦውን ከሞተሩ ፈትተው ቀዳዳውን ይድፈኑ። በክሩስኮቱ ሽቦ ላይ ረጅም ሽቦ ቀጥለው ከቡልቦው ጋር ያገናኙ፤ የቡልቦውን አካል በሌላ ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ያያይዙ። አሁን ቡልቦውን በምድጃ ላይ ባለ ድስት ውሃ ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ ሽቦ የታሰረበት ጫፍ እንዳይርስ። ውሃው ሲፈላ ቀስቱ የቆመበትን በመስታወቱ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉ።

ግን ያ ምልክት 100 ዲግሪ አይደለም! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር ወደ 94፣ ድሬዳዋ ወደ 96 ይደርሳል። ለደጋ ሾፌር ይህ ቁጥር ከጌጅ ያለፈ ነገር ይነግራል። ቴርሞስታቱ 82 ላይ ይከፍታል እንበል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ካለቀ ግፊት አይይዝም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከመደበኛ ሙቀቱ አሥር ዲግሪ ብቻ ሲጨምር አዲስ አበባ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ደህና ከሆነ ግን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪሆን አይፈላም። ርካሹን ክዳን በጊዜው ይቀይሩ።

ክሩስኮቱ ውስጥ

እስካሁን ያልተገኘ እንደሆነ ብቻ ነው ክሩስኮቱን የሚፈቱት። አስቀድመው ፊውዞቹን ይዩ። በብዙ ቶዮታዎች የጌጁ ፊውዝ የኋላ ማርሽ መብራቱንም ያጠጣል። ወደኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ጌጆቹ ሁሉ የሚሞቱ ከሆነ የተላጠ ሽቦ የሚፈለገው ከክሩስኮቱ ሳይሆን ከኋላ መብራቱ ነው። ሞተር ሲቀየር የማርሽ ሳጥኑም አብሮ ስለሚቀየር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው ክሩስኮቱን ቀስ ብለው ያውጡ። ከጀርባው እንደ ወረቀት የሳሳ ላስቲክ ላይ የተለጠፈ የመዳብ መስመር ያያሉ። ጌጆቹን የያዙት ትንንሽ ዳዶዎች ላልተው ከሆነ ብዙ ዓመት የሠራች መኪና ናትና አይገረሙ። በጥንቃቄ ያጥብቋቸው፤ የጠቆረውን መዳብ በእርሳስ ላጲስ ያጽዱት። የተሰነጠቀ መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ ድልድይ ይሥሩለት።

በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ነዳጅ ጌጁ ውስጥ ትንሽ ቮልት መጣኝ አለች። የባትሪው ቮልት ከፍ ዝቅ ቢል ጌጆቹ እንዳይነቃነቁ እየከፈተችና እየዘጋች ወደ 7 ቮልት አማካይ ትሰጣለች። በአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች ላይ ያችው ዕቃ ለብቻዋ የተቀመጠች ሆና 10 ቮልት ነው የምትሰጠው። መልቲሜትር ሲያደርጉባት ቁጥሩ ይዘላል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ሥራዋ ነው። መዝለሉን ትታ ሙሉ 12 ቮልት ካሳለፈች ግን ነዳጅዎም ሙቀትዎም አብረው ከፍ ይላሉ። ማሳዋ ቢለቅም እንዲሁ ይሆናል፤ ስለዚህ እሷን ከመግዛት በፊት ማሳዋን አጥብቀው ይሞክሩ።

ስለ ዙር መቁጠሪያና ስለ ነዳጅ

የቤንዚን መኪና ዙር መቁጠሪያ የሚያነበው ከቦቢናው ነው። ናፍጣ ቦቢና የለውም። ስለዚህ አሮጌው ዙር መቁጠሪያ በአዲሱ ሞተር ላይ እንደነበረው አይሠራም። ለናፍጣ የተሠራ ጌጅ ገዝተው ዲናሞው ላይ ካለው ደብልዩ ከተባለው ጫፍ ወይም የናፍጣ ፓምፑ ላይ ካለው ዙር አንባቢ ጋር ያገናኙት። ከዲናሞው የሚያነብ ከሆነና ዳገት ላይ ቀስቱ እየወረደ የሞተሩ ድምፅ ካልወረደ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው።

የነዳጅ ጌጁ ብቻውን የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ላይ ያለችውን የማሳ ሽቦ ይዩ፤ ጭቃና ድንጋይ የሚመታት ቦታ ላይ ናት። ተንሳፋፊው ጤነኛ ከሆነ ሲሞላ ጥቂት ኦም፣ ሲጎድል ከመቶ በላይ ያሳያል፤ በመካከሉ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። ሰልባትዮ ሲከፍቱ አጠገብዎ እሳት፣ ሲጋራም ሆነ የምትበራ አምፖል አይኑር።

ሁሉንም ጨርሰው ጌጁ ከተረጋጋ በኋላ፣ በሙሉ ጭነት ረጅም ዳገት ይሞክሯት፤ ቀስቱ መደበኛ ሙቀት ላይ የሚቆምበትን ቦታ በደብተርዎ ይሳሉት። ለሌላ ሰው መኪናዋን ሲሰጡም ያንን ሥዕል ያሳዩ። ዳገት ላይ እየሞቀች ሳለ ቀስቱ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ከወረደ ግን አይደሰቱ፤ ዳር ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩት።